ከኮድ ውስጥ ማብራሪያ በስክሪፕት መልቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቢሯችን ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። አምስት ሰዎች ነን። ለቁጠባና ብድር ማኅበራት እና ለአንዳንድ ፔንሲዮኖች ሶፍትዌር እንሠራለን። ክረምት ክረምት ተለማማጅ ተማሪዎች ይመጡልናል። ከኮዱ ውስጥ የማብራሪያ ኮሜንቶችን እየለቀመ አንድ የሚነበብ ገጽ የሚያወጣ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም፣ አለን። ኮሜንት ማለት ኮምፒውተሩ የሚዘለው፣ ለሰው የተጻፈ ማስታወሻ ነው። የመጣ ሁሉ እሱን ያያል፤ ያየ ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ሳይቀር መልሼ አውቃለሁ። ከእንግዲህ ይህን አንብቡና ኑ።

የማብራሪያ ኮሜንት ከሌላው ኮሜንት በምን ይለያል?

በሚያነበው ሰው ይለያል። ከፋንክሽኑ (አንድ ሥራ ከሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ሆድ ውስጥ «እዚህ ጋ ዜሮ ሊመጣ ይችላል፣ ተጠንቀቅ» ብለን የምንጽፈው ኮዱን ለሚጠግን ሰው ነው። በፋንክሽኑ ወይም በክላሱ (ተዛማጅ ፋንክሽኖች በተሰበሰቡበት) በር ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ኮዱን ሳይከፍት ሊጠቀምበት ለሚፈልግ ነው። ምን ይሠራል፣ ምን ይቀበላል፣ ምን ይመልሳል፣ ምን ያስቸግራል። የምንለቅመው ይህን የበሩን ጽሑፍ ነው።

በጃቫ፣ በፒኤችፒና በጃቫስክሪፕት በ /** ይጀምርና በ */ ያልቃል። ኮከቡ ሁለት መሆኑን ልብ በሉ፤ አንድ ከሆነ ተራ ኮሜንት ነው። በፓይተን ከፋንክሽኑ ስም ቀጥሎ የመጀመሪያው ነገር ሆኖ በሦስት ጥቅስ መካከል ይገባል። ዶክስትሪንግ ይባላል።

ከቁጠባ ሲስተማችን አንዱን ልጥቀስ፦ «ወርሃዊ ወለድ ያሰላል። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትደመራለች እንጂ ለብቻዋ እንደ ወር አትቆጠርም።» ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ከኮዱ ብቻ ለመረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። የጻፈው ልጅ ዛሬ አዲስ አበባ ገብቷል። ስልክ ሲመቸው ያነሳል፣ ሳይመቸው ይቀራል። ኮሜንቱ ግን እዚሁ አለ።

ሰነዱን በወርድ ጽፈን ብናስቀምጥስ?

አስቀምጠን ነበር። ሦስት ወር አልቆየም፤ ሰነዱ ሌላ፣ ኮዱ ሌላ ሆነ። ኮድ የሚቀይር ሰው ወርድ አይከፍትም። ኮሜንቱ ከኮዱ አጠገብ ሲሆን ግን ቢያንስ ዓይኑ ላይ ያርፋል።

ሐሳቡም የኛ አይደለም። ፕሮግራሙና ማብራሪያው አንድ ላይ ይጻፍ፣ ማሽን ይለያየው የሚለውን የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑት በ1984 ጽፎበታል። ከኮሜንት ሰነድ የሚያወጣው ዶክሲጅን በ1997 ወጣ። ጃቫ ደግሞ ያንኑ የሚሠራውን ጃቫዶክን አብራ ይዛ ነው ያደገችው። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ ለምን ይህን እንዳልኩ ከታች ታያላችሁ።

ሬጀክስ (በጽሑፍ ውስጥ ቅርጽ የሚፈልግ ቀመር) አይበቃም? ከ /** እስከ */ ያለውን ቆርጦ ማውጣት ምን ያስቸግራል?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነው። በአንድ መስመር ያልቃል፣ መጀመሪያ ላይም ይሠራል። አታላይነቱ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቀን ያወጣነውን ገጽ ስናይ በአንድ ፋንክሽን ማብራሪያ ውስጥ አርባ መስመር የሚሆን ኮድ ተዘርግፎበታል። ምንጩን ስንፈልግ ከላይ በኩል እንዲህ የሚል ስትሪንግ (በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ) አገኘን፦ «ሶርስ/**/*.ጄኤስ»። ሁሉንም የጃቫስክሪፕት ፋይሎች ከየአቃፊው ሰብስብ ለማለት የሚጻፍ የተለመደ ነገር ነው። ኮሜንት አይደለም። ግን መሃሉ ላይ /** አለ። ሬጀክሱ «ጀመረ!» አለ።

እንግዲህ ወዲያው */ አለ፣ እዚያው ይዘጋ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አይዘጋም። ሁለተኛው ኮከብ በመክፈቻው ተበልቷል። ከዚያ የቀረው /*. ብቻ ነው። ስለዚህ ሬጀክሱ መዝጊያ እየፈለገ ወደ ታች ይነጉዳል። የሚያገኘው የሚቀጥለውን እውነተኛ ማብራሪያ መጨረሻ ነው። በመካከል ያለውን ኮድ ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ይወጣል።

ፓይተን ላይም ያው ነው። ሦስት ጥቅስ ያለበት ሁሉ ዶክስትሪንግ አይደለም። ብዙ ሰው ረጅም የዳታቤዝ ጥያቄ የሚጽፈው በሦስት ጥቅስ ነው። በሬጀክስ ስትለቅሙ «ከአባላት ሰንጠረዥ ምረጥ» የሚለው ትእዛዝ ማብራሪያ ሆኖ ይታተማል። ደንበኛ ፊት ስክሪን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት ደስ አይልም።

ከዚህም የከፋ አለ። ሬጀክስ ጽሑፉን ቢያገኝ እንኳ የማን እንደሆነ አያውቅም። ማብራሪያው የየትኛው ፋንክሽን ነው? ፋንክሽኑስ በየትኛው ክላስ ውስጥ ነው? ይህን ለማወቅ ሌላ ሬጀክስ ትጨምራላችሁ። ለእሱ ስህተት ሌላ። ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

በአንድ ፋይል ላይ፣ ለአንድ ጊዜ፣ ውጤቱን በዓይናችሁ የምታዩት ከሆነ ግን ሬጀክስ ተጠቀሙ። አልቆጣም።

ታዲያ በምን ላንብበው?

በቋንቋው የራሱ ፓርሰር። ፓርሰር ማለት ኮዱን በቋንቋው ሕግ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ስትሪንጉን ከኮሜንት፣ ክላሱን ከፋንክሽን ይለያል። ኮዱን ወስዶ ዛፍ አድርጎ ይሰጣችኋል፦ ፋይሉ ግንድ፣ ክላሱ ቅርንጫፍ፣ ፋንክሽኑ ከዚያ የወጣ ቅርንጫፍ። እናንተ ዛፉ ላይ ትወጣላችሁ እንጂ ጽሑፍ አትቆፍሩም።

ለፓይተን ምንም መጫን አያስፈልግም። ኤኤስቲ የሚባል ሞጁል፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ፋይል፣ አብሮት ይመጣል። ፋይሉን ትሰጡታላችሁ፣ ዛፉን ይመልሳል። ከዚያ ጌት ዶክስትሪንግ የሚባለውን ፋንክሽን በየቅርንጫፉ ትጠራላችሁ። ማብራሪያ ካለ ይሰጣችኋል፤ ከግራ ያለውን ትርፍ ክፍት ቦታ እንኳ አስተካክሎ ነው የሚሰጠው። ከሌለ ባዶ ይመልሳል። በቃ። እዳው ገብስ ነው። የኛ የመጀመሪያ ስክሪፕት ሠላሳ መስመር አይሞላም ነበር።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ይረሳል። በዛፉ ላይ ተራ ፋንክሽንና ኤሲንክ ፋንክሽን (ሌላውን ሥራ ሳያግድ የሚሄደው) ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው። ተራውን ብቻ ከጠየቃችሁ ኤሲንኮቹ በሙሉ ከሰነዱ ይቀራሉ። ስህተት ብሎ የሚጮህ የለም። ዝም ብለው ይጠፋሉ።

በፒኤችፒ ቶክናይዘሩ (ኮዱን ቃል በቃል የሚቆራርጠው ክፍል) ራሱ የማብራሪያ ኮሜንትን ከተራው ለይቶ ስም ይሰጠዋል። ከ /** ቀጥሎ ግን ክፍት ቦታ ወይም አዲስ መስመር መኖር አለበት። አጣብቃችሁ ከጻፋችሁ እንደ ተራ ኮሜንት ይቆጥረዋል። አንዷ ተለማማጅ በዚህ ነገር ሁለት ቀን ተሰቃይታለች። ለጃቫስክሪፕት የቤብል ወይም የታይፕስክሪፕት ፓርሰር አለ። ጎ በሚባለው ቋንቋ ማብራሪያው ልዩ ምልክት የለውም፤ ከፋንክሽኑ በላይ፣ በመካከል ባዶ መስመር ሳይኖር መቀመጡ ብቻ ይበቃል። ብዙ ቋንቋ የተደበላለቀበት ፕሮጀክት ካላችሁ ትሪሲተር የሚባለውን የፓርሰር መሣሪያ እዩ። ለሲ እና ለሲ ፕላስ ፕላስ ግን እኔ ራሴ ስክሪፕት አልጽፍም፣ ዶክሲጅን እጠቀማለሁ።

በፓይተን ከ # በኋላ የጻፍኩት የት ገባ?

ዛፉ ላይ የለም። ፓርሰሩ ዛፉን ሲሠራ ተራ ኮሜንትን ይጥለዋል። ዶክስትሪንግ የሚተርፈው ኮሜንት ስላልሆነ ነው፤ ለፓይተን እሱ ስትሪንግ ነው። የ # ኮሜንቶችንም ከፈለጋችሁ ቶክናይዝ የሚባለውን ሞጁል ተጠቀሙ፣ እሱ ምንም አይጥልም። ከዚያ በመስመር ቁጥር ከዛፉ ጋር ማገናኘት ነው።

ማብራሪያውን ለማውጣት ኮዱ መሮጥ አለበት?

የለበትም። እባካችሁ አታስሩጡት።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሞጁሉን ኢምፖርት አድርጎ ማብራሪያውን መጠየቅ ነው። የፓይተን ሰነድ አውጪው የስፊንክስ አውቶዶክ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ብቻ ማንበብና ለፓርሰር መስጠት ነው። በፓይተን ኢምፖርት ማድረግ ማለት ፋይሉን ማስኬድ ማለት ነው። ፋይሉ ውስጥ ከፋንክሽን ውጪ የተጻፈ ትእዛዝ ካለ ይፈጸማል።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ብድር ለዘገየባቸው አባላት አጭር መልእክት የሚልክ ፋይል ነበረን። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመላኪያው ትእዛዝ ፋይሉ ግርጌ ላይ ያለ ምንም አጥር፣ ማለትም «ፋይሉ ራሱ ሲካሄድ ብቻ» የሚል ሁኔታ ሳይቀድመው፣ ተቀምጧል። ሰነድ ለማውጣት ስክሪፕቱን ከሙከራ ማሽን ላይ አስኬድኩ። ስክሪፕቱ ኢምፖርት አደረገ። ማሽኑ ላይ ያለው ቅንብር ደግሞ የሙከራ አልነበረም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የማኅበሩ ሂሳብ ሹም ደወሉ። «ልጄ፣ የከፈልኩትን ብድር ትጠይቁኛላችሁ?» አሉኝ። አንቱ ብዬ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ ሌሊቱን አጥር ስሠራ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ስክሪፕታችን ያነባል እንጂ አያስኬድም።

ኮሜንቶቻችን በአማርኛ ናቸው። ችግር አለው?

አለው። ግን ሁሉም የሚፈታ ነው። በአማርኛ መጻፍ ተዉ የሚለውን ምክር እኔ አልቀበልም፤ የማኅበሩን ደንብ በእንግሊዝኛ ለመግለጽ ስንሞክር ነው የተሳሳትነው።

መጀመሪያ ፊደሉ። የኛ ፊደል በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ሰንጠረዥ) ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ስልት) እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ፋይል ሲከፍት ኢንኮዲንጉን (ባይቱ ወደ ፊደል የሚመለስበትን ስልት) ካልነገራችሁት ብዙውን ጊዜ የድሮውን የምዕራብ አውሮፓ የፊደል ሰንጠረዥ (ሲፒ1252) ይጠቀማል። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ፋይል ይከፈትና ጽሑፉ የተተረተረ ላቲን ይሆናል። አንዳንዱ ጭራሽ አይከፈትም።

ለምን እንደሚለያዩ ስናጣራ ያገኘነው ነገር እስከዛሬ ያስቀኛል። አራት ነጥብ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ መካከለኛው ባይት በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የለውም። የፈ እና የፀ ቤተሰቦችም እንደዚያው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን በሥርዓት በአራት ነጥብ የዘጋ ሰው ፋይሉ ይሰበራል። ሳይዘጋ የተወው አንዳንዴ ያልፋል፣ የተበላሸ ጽሑፍ ይዞ። ጎበዙ ተቀጣ፣ ሰነፉ አመለጠ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፋይሉን እንደ ባይት ከፍታችሁ ባይቱን እንዳለ ለኤኤስቲ ስጡት። ኢንኮዲንጉን በፓይተን ሕግ ራሱ ይለየዋል። ስትጽፉም ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ በግልጽ ንገሩት።

ሁለተኛ፣ የአምድ ቁጥር። ኤኤስቲ «ይህ ነገር በዚህ መስመር፣ በዚህኛው ቦታ ይጀምራል» ሲል የሚቆጥረው በባይት ነው፣ በፊደል አይደለም። በእንግሊዝኛ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ማንም አያስተውልም። መስመሩ ላይ አሥር የአማርኛ ፊደል ካለ ቁጥሩ በሃያ ይርቃል። ቆርጣችሁ ስታወጡ ሌላ ቦታ ትቆርጣላችሁ። ጌት ሶርስ ሴግመንት የሚባለው ፋንክሽን ይህን አስቦ ይቆርጣል፤ እሱን ተጠቀሙ።

ሦስተኛ፣ ሥርዓተ ነጥብ። ብዙ መሣሪያዎች የማብራሪያውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ወስደው ማውጫ ላይ ያስቀምጣሉ። ጃቫዶክ በእንግሊዝኛ ቅንብር ሲሠራ ዓረፍተ ነገር አለቀ የሚለው ነጥብና ከነጥቡ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ሲያይ ነው። አራት ነጥብን አያውቀውም። ስለዚህ አንቀጹ በሙሉ ማውጫ ውስጥ ይገባል። በራሳችሁ ስክሪፕት «።»ን መቁረጫ አድርጉ። የወለዱ ፋንክሽን ማውጫ ላይ «ወርሃዊ ወለድ ያሰላል።» ብቻ ይላል፣ የጳጉሜ ጉዳይ ውስጥ ይቆያል።

አሁን ደግሞ አራት ነጥቡን በሁለት ኮለን የሚጽፉ አሉ፤ እንዲህ ::። ኪቦርዳቸው አራት ነጥብ ስለሌለው፣ ወይም ስለለመዱት። ስፊንክስ የሚያነበው ሪስትራክቸርድቴክስት የሚባል የአጻጻፍ ስልት ነው። በእሱ ዘንድ አንቀጽ በ :: ካለቀ «ከዚህ በታች የኮድ ምሳሌ ይመጣል» ማለት ነው። የሚቀጥለው አንቀጽ ገባ ብሎ ከተጻፈ በኮድ ሳጥን ውስጥ ያስገባዋል። ካልገባ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ራሷን :: ደግሞ ወደ አንዲት ኮለን ይቀንሳታል። እኛ ስክሪፕቱ ሲለቅም ከአማርኛ ፊደል ቀጥሎ የመጣችን :: ወደ «።» እንዲቀይር አድርገናል።

አራተኛው ፍለጋ ነው። አንዱ «ሂሳብ» ይጽፋል፣ አንዱ «ሒሳብ»። በቢሯችን አምስት ሰው ሦስት ዓይነት ይጽፋል። የሚታየውን ጽሑፍ አትንኩ። ለፍለጋ የምታዘጋጁት ማውጫ ላይ ብቻ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሱ።

ኮሜንት ውስጥ ስለ ቀንና ሰዓት እንዴት እንጻፍ?

ይህ የስክሪፕት ጥያቄ አይደለም፣ ግን ገጹ ላይ ስታዩት ያማል። «ከ2013 ጀምሮ ይህ አይሠራም» የሚል ኮሜንት አገኘን። በየትኛው አቆጣጠር? «ማታ 4 ሰዓት ላይ ይሮጣል»። በማን ሰዓት? ሰርቨሩ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። እኛ ከቁጥሩ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሌለበትን ዓመት ስክሪፕቱ በቢጫ እንዲያሳይ አድርገናል። ለሰዓት እስካሁን ጥሩ ዘዴ የለንም፤ በቃል እንቆጣጠራለን።

ማብራሪያ የሌለው ፋንክሽን ሲገኝ ስክሪፕቱ ምን ያድርግ?

ስሙን ይጻፈው። ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ ያሳየው። ከፋይሉ ስምና ከመስመር ቁጥሩ ጋር ይዘርዝረው።

መጀመሪያ ላይ የኛ ስክሪፕት ማብራሪያ የሌለውን ይዘለው ነበር። ገጹ ያማረ፣ የተሟላ ይመስላል። በኋላ ዝርዝሩን ስናወጣ ባዶው ከሙሉው በልጦ ተገኘ። አሁን ገጹ የሚጀምረው በባዶዎቹ ዝርዝር ነው። ያሳፍረናል፣ ግን ሰኞ ሰኞ ከቡና ጋር ሁለት ሦስቱን እንሞላለን። ግን ቁጥር አታሳድዱ። «መቶ በመቶ ይሞላ» ካላችሁ «አባል መዝግብ» ለሚለው ፋንክሽን «አባል ይመዘግባል» የሚል ማብራሪያ ይመጣላችኋል።

ኤአይ ኮሜንቱን ቢጽፍልኝስ?

ኮዱ የሚለውን መልሶ ይነግራችኋል፣ አንዳንዴም በጥሩ ሁኔታ። ጳጉሜ ለምን ከነሐሴ ጋር እንደምትደመር ግን ኮዱ ላይ የለም። የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው ነው። ረቂቅ ያውጣላችሁ፣ «ለምን»ን እናንተ ጨምሩ።

ዶክሲጅንና ስፊንክስ እያሉ የራሴን ስክሪፕት ለምን እጽፋለሁ?

ካልፈለጋችሁ አትጻፉ። የተለመደ ሰነድ ከሆነ የምትፈልጉት በእነሱ ጀምሩ። እኛ የጻፍነው ከላይ ለዘረዘርኳቸው የአማርኛ ጉዳዮች ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ ውጤቱን በሁለት መልክ ስለምንፈልገው ነው፦ ለኛ በማርክዳውን (ቀላል የጽሑፍ ቅርጽ)፣ ለደንበኛ ያለ ኢንተርኔት በሚከፈት አንድ ፋይል። መብራትና ኔትወርክ አብረው በሚሄዱበት ቀን ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠ አንድ ፋይል ያኮራል።

ለደንበኛ ከመስጠቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

የይለፍ ቃል። ሰው ኮሜንት ውስጥ ምን እንደሚጽፍ አታውቁም። አንድ ጊዜ የዳታቤዝ ይለፍ ቃል «ለጊዜው» ከሚል ቃል ጋር ማብራሪያ ውስጥ አግኝተናል፣ ገጹ ሊላክ ሲል። የስልክ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ቁጥርም እንደ ምሳሌ የሚገባ አለ። ስክሪፕቱ ረጅም ቁጥር ካየ ይቁም፣ ሰው ይየው።

ስክሪፕቱ መቼ ይሂድ?

ኮድ ወደ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝገብ) በገባ ቁጥር። በእጅ የሚካሄድ ከሆነ ይረሳል።

ስክሪፕቱ ራሱስ ማብራሪያ አለው?

ይህን የጠየቀችው ያቺ በፒኤችፒ ኮከብ ሁለት ቀን የተሰቃየችው ተለማማጅ ናት። ዝም አልኳት። ስክሪፕቱን በራሱ ላይ አስኬደችው። አሥራ አንድ ፋንክሽን፣ ሰባት ባዶ። አራቱን እሷ ጻፈችልኝ፣ ሦስቱ የኔ ዕዳ ናቸው።